ጥለቱን አትንኩብኝ

አንድ የብራና መጽሐፍ በዓይነ ሕሊናችሁ ያዙልኝ። ገበታው የዋንዛ ጣውላ ነው። ላዩን ቆዳ ለብሷል፤ ቆዳው ላይም ደጓሹ በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ አትሞበታል። አሁን ገበታውን ገልጣችሁ የውስጡን ፊት እዩ። ቆዳው ከአራቱም ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን ቦታ ተርፏል፤ እዚያ ቦታ ላይ የጨርቅ ቁራጭ ተለጥፏል። አንዳንዱ መጽሐፍ ሐር ይዟል፣ አንዳንዱ ከፋይ። አንዳንዱ ግን የያዘው አበባ የታተመበት ጥጥ ነው።

የዚያ አበባ አገሩ ሕንድ ነው። ጠራቢ እንጨት ላይ ጠረበው፤ አታሚ ማቅለሚያ አስነክሶ በመዳፉ መታ መታ እያደረገ ጥጡ ላይ አወረደው። ነጋዴ ጠቅልሎ ባሕር አሻገረው፤ ግመልና በቅሎ ደጋ አወጡት። ምናልባት የእመቤት ቀሚስ ሆኖ አርጅቶ፣ ምናልባትም ከመጋረጃ ተርፎ፣ ብቻ ሲዞር ሲዞር ደጓሽ እጅ ገባ። ደጓሹም ለቅዱስ መጽሐፍ ይገባል ብሎ ለጠፈው።

ነገሬን ከዚያ መጽሐፍ የጀመርኩት "ጨርቅ ላይ ማተም የፈረንጅ ፋሽን ነው፤ እኛ ዘንድ የት ነበረ?" የሚሉኝ ሰዎች ስለበዙ ነው። ነበረ። በሩቅ አገር እጅ ታትሞ መጣ እንጂ፣ ነበረ። ግብጽ ውስጥ ከአሮጌዋ ካይሮ፣ ከፉስጣጥ መሬት የወጡ የጉጃራት የታተሙ ጥጦች ዛሬ በኦክስፎርዱ አሽሞሊያን ሙዚየም ብቻ ከ1,000 በላይ ቁራጭ ሆነው ተቀምጠዋል። መካከለኛውን ዘመን ያዩ አሉባቸው። ያን ጨርቅ የጫኑ መርከቦች የቀዘፉት ቀይ ባሕርን ነው። የኋለኞቹ እናቶቻችንም ጭት ቀሚስ ለብሰው ገበያ ወጥተዋል።

ግን አንድ ነገር አስተውሉልኝ። የታተመው ጥጥ የተቀመጠው መጽሐፉ ሆድ ውስጥ ነው። ለዓመት በዓል፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ሰውነት ላይ የሚወጣው ልብስ ነጭ ነው። ነጠላው ነጭ፣ ኩታው ነጭ፣ ጋቢው ነጭ። ቀለም የሚኖረው ጠርዝ ላይ፣ ጥለቱ ውስጥ ነው፤ ያም ቢሆን የተቀባ አይደለም፤ ሸማኔው ከማጉ ጋር አብሮ ያስገባው ነው። ዛሬ የማወራችሁ ሁሉ በዚህ ነጭ ዙሪያ ነው። ማን ይነካዋል? በምንስ?

እንግዲህ ወደ ሰፈሬ ኑ።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ለኔ የጨርቅ ክፍለ ከተማ ነው። ሳሪስ ስትወርዱ አደይ አበባ ክር ፋብሪካ አለ። ንፋስ ስልክ ላይ ቀለም ፋብሪካ አለ። ወደ ላፍቶ ስትዘልቁ አደባባዩ ራሱ ኃይሌ ጋርመንት ነው የሚባለው፤ ታክሲ ረዳቱ "ጋርመንት! ጋርመንት!" ብሎ ይጠራዋል። ክር እዚህ፣ ቀለም እዚያ፣ ስፌት ወዲህ። መካኒሳ ገባ ስትሉ ደግሞ ሐር ታገኛላችሁ።

የመካኒሳው ሳባሐር ይባላል። ካናዳዊቷ ካቲ ማርሻል በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ያቋቋመችው የሽመና ቤት ነው። እዚያ የሚሠራበት ሐር ኤሪ የሚባለው ዓይነት ሲሆን ትሉ የሚበላው ጉሎ ቅጠል ነው፤ ያ በየአጥሩ ሥር፣ በየወንዙ ዳር ማንም ሳይተክለው የሚበቅለው ጉሎ። የኤሪ ትል የሚሠራት ጎጆ አንድ ጫፏ ክፍት ነው፤ የእሳት ራቷ በዚያ ትወጣለች። ስለዚህ ክሩ እንደ ሌላው ሐር ከዳር እስከ ዳር አይተረተርም፤ ይፈተላል። ይሄኔ ነው ነገሩ አገር ቤት የሚገባው። እንዝርት የያዘች እናት ጥጥ በፈተለችበት እጇ ሐር ትፈትላለች፤ አዲስ ማሽን አልተፈለገም፣ አዲስ እጅም አልተፈለገም።

እዚያው መካኒሳ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ዞማ ሙዚየም ተከፈተ። መሥራቾቹ መስከረም አሰግድና ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ናቸው። ግድግዳውን ሄዳችሁ እዩት፤ ጭቃና ጭድ ነው፤ በእጅ ተዳብሶ፣ በእጅ ተጭኖ፣ ሽመና የመሰለ ሐረግ ወጥቶበታል። ኤልያስ በቀድሞ ሥራዎቹ በመርፌ፣ በክርና በቁልፍ ሸራ ላይ ሥዕል ያወጣ ሠዓሊ ነው። ያን ግድግዳ አይቼ ስመለስ ያሰብኩት ይህን ነው፦ ጭቃ ላይ ተጭኖ የቀረ የእጅ አሻራ እንዲህ ካማረ፣ ሸማ ላይስ?

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኮሚናል የምንለው የጋራ ቤት አለን። ለቅሶም ሠርግም ቅርጫም እዚያ ነው። ቅርጫ በሌለበት ቅዳሜ ረጅሙን ጠረጴዛ አሮጌ ብርድ ልብስ አልብሰን፣ በላዩ አቡጀዴ ወጥረን የማተሚያ ጠረጴዛ አደረግነው። ጠረጴዛው ለስለስ ማለት አለበት፤ ጠንካራ ላይ የተጫነ ማኅተም ዳር ዳሩን ብቻ ያትምና መሐሉን ይዘላል።

ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁ። ከኛ ሕንጻ ካናቴራ የሚያትም ልጅ አለ። የታላቁ ሩጫ ካናቴራ ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ የከተማውን መንገድ ሲሞላ ያየ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የታተመ ጨርቅ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ይህ ልጅ እንግዲህ ለዕድሩ፣ ለማኅበሩ፣ ለምርቃቱ የሚያትመው ነው። ሥራው ስክሪን ነው። በእንጨት ፍሬም የተወጠረ ስስ ወንፊት ጨርቅ ላይ ብርሃን የሚያደርቀው መድኃኒት ይቀባል፤ ሥዕሉ ያረፈበት ቦታ ብርሃን ስለማያገኘው በውሃ ታጥቦ ይከፈታል። ከዚያ ቀለሙን በጎማ መጥረጊያ ሲስበው ቀለሙ በተከፈተው ቦታ ብቻ ያልፋል። ሁለተኛዋ እትዬ ናቸው፤ እንዝርታቸው ከእጃቸው አይለይም። ሦስተኛው ጋሼ ናቸው፤ ከጨንቻ በልጅነታቸው መጥተው ሽሮ ሜዳ ያደጉ፣ ኋላ ወደኛ ሰፈር የወረዱ ሸማኔ። የሳቸውን ነገር ቆይቼ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ድንች ነበር። ድንች ለሁለት ሰንጥቆ፣ ፊቱን ፈልፍሎ፣ ቀለም አስነክሶ ማተም ለልጆች ደስታ ነው፤ የሕንጻው ልጆች በሙሉ ነበሩ። ድንች ግን ውሃ ያዥ ነው፤ ጥቂት እንዳተመ ቀለሙን ያቀጥናል፣ ጠርዙም ይሟሟል። ስለ ድንች ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ቀለሙ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ወጣቶቹ ነጠላ ላይ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ሲቀቡ አይቻለሁ። ሲደርቅ ጨርቁ ቀጥ ይላል፤ ታጥቦ ሲታጠፍ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ግድግዳ አይታጠፍማ! ለጨርቅ የተሠራው የማተሚያ ቀለም ሌላ ነው፤ ውስጡ የሚተጣጠፍ ማጣበቂያ አለው፤ ሲደርቅ ካውያ ከላይ ይሄድበታል፣ ሙቀቱ ያስረዋል። ልጁ በዚህኛው ተካነ። ካናቴራ ላይ ያማረው ስክሪን ሸማ ላይ ሲወርድ ግን ነገሩ ተለየ። ሸማ ፊቱ እኩል አይደለም። በእጅ የተፈተለ ማግ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይቀጥናል። ወንፊቱ ወፍራሙ ላይ ያርፋል፣ ቀጭኑን ይስታል። ልጁ ተናደደ፤ "ጨርቁ ልክ አይደለም" አለ።

እትዬ እንዝርታቸውን አቆሙ። "ልጄ፣ ጨርቁ ልክ ነው። አንተ ያመጣኸው ቀለም ነው ላዩ ላይ መቀመጥ የሚወድ። ውስጡ የሚገባ ፈልግ።"

ወዳጆቼ፣ እትዬ ኬሚስት አይደሉም። የተናገሩት ግን የጨርቅ ኅትመትን ነገር ለሁለት የሚከፍለውን መስመር ነው። አንዱ ቀለም በሙጫ ተይዞ ላዩ ላይ ይቀመጣል። ሌላው ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ከጥጡ ጋር ይጋባል። ብራናው ገበታ ላይ ያለው የሕንዱ አበባ ሁለተኛው ነው፤ ለዚያ ነው እስከ ዛሬ ያለው።

ውስጡ እንዲገባ ደግሞ መጀመሪያ በሩ መከፈት አለበት። ጥጥ በተፈጥሮው ሰም አለው። አዲስ ሸማ ላይ አንዲት ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት፤ ጠብታዋ ቁጭ ካለች ሰሙ ገና አልለቀቀም ማለት ነው። በሶዳና በሳሙና በደንብ መቀቀል አለበት። የኛ ከተማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ስለዚህ ቆላ ያለ ሰው ከሚያቆየው በላይ እሳት ላይ ማቆየት ነው። ከተቀቀለ በኋላ ያው ጠብታ ጨርቁን እንደነካ ከጠፋች ተሳክቷል።

እትዬ ይሄን ሲያዩ የእንዶድ ዘመናቸውን አነሱ፤ ሸማ ወንዝ ወርዶ በእንዶድ አረፋ ይታጠብ የነበረበትን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አግኝተው ነው የቢልሃርዚያን ተሸካሚ የሚያጠፋ መድኃኒት በደጃችን እንዳለ ለዓለም ያሳዩት። ይህን በወሬ መሐል ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። የልብስ ውሃ ወንዝ ውስጥ ያለውን ነፍስ ይነካል። ትንሹ አቃቂ በመካኒሳና በላፍቶ ነው የሚወርደው፤ ከፋብሪካና ከቤት የሚወርድበትን ያያችሁ ታውቃላችሁ። እኛ እዚያ ላይ የቀለም ባልዲ አንጨምርም ተባብለናል፤ ይህ ውል ከዚያ በኋላ የምንመርጠውን ሁሉ ወሰነው።

አሁን ወደ ምወደው ቦታ ደረስኩ፤ ታገሱኝ።

ቁራሊዮ ስንጠራው መጣ። የዛገ ምስማር፣ የበር ማጠፊያ፣ የቆርቆሮ ቁራጭ ከሱ ገዛን። እሱ ከሰው ሲገዛ እንጂ ሰው ከሱ ሲገዛ አይቶ አያውቅምና ግራ ገባው። ዝገቱን በማሰሮ አድርገን አቼቶ አፈሰስንበትና ከድነን ተውነው። ሰንብቶ ሲከፈት ቡናማ ውሃ ሆኗል፤ ሽታው የብረት ነው። በሌላ ወገን የግራር ቅርፊት ወቅጠን ቀቀልን፤ ግራር ባጣን ጊዜ ጠንከር ያለ ሻይም ይሠራል። ቅርፊቱም ሻዩም ምላስን የሚያኮማትረው ነገር አላቸው፤ ቆዳ ፋቂው የሚፈልገውም እሱኑ ነው። የተቀቀለውን ሸማ በዚያ ውሃ ነክረን አሰጣነው። ደርቆ ሲመጣ የወተት ሻይ መልክ ይዟል።

የብረቱ ውሃ እንዲሁ ቢታተም ይንጠባጠባል፤ ጨርቁ ላይ እየሮጠ ጠርዝ ያጠፋል። ስለዚህ መወፈር አለበት። የግራር ሙጫ ሞከርን፤ ከብረቱ ውሃ ጋር ሲገናኝ ጓጎለ። ተልባ አፍልተን አጠለልን፤ ቀጠነ። እትዬ ገብተው አብሽ ይዘው መጡ። የአብሽ ዱቄት ውሃ ሲጠጣ የሚያወጣውን ልጋግ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሲመታ፣ ሲያርፍ፣ ደግሞ ሲመታ ቀጠን ያለ ማር ሆነ። ሕንዶቹ ለዚሁ ሥራ ጓር የሚባል ባቄላ ዱቄት ይጠቀማሉ፤ አብሽ ከሱ ጋር ዘመድ ነው፣ ሁለቱም የባቄላ ወገን ናቸው። ጓዳችን ውስጥ መድኃኒቱ ተቀምጦ ነበር።

ማኅተሙ ዋንዛ ነው። ዋንዛ ለጠራቢ እሺ የሚል እንጨት ነው፤ ወይራ ያስቸግራል፣ ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል። ምን እንቅረጽ ሲባል ልጁ ጥለት እንቅረጽ አለ። ጥለት እንዳይሆን የተከራከርኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱን ኋላ ታዩታላችሁ። ጉሎ ቅጠል ተቀረጸ፤ የዚያን የሐር ትል ቀለብ፣ ጣቶቹን የዘረጋውን ቅጠል። መሮና ስል ቢላ ይዞ የሚቀርጽ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይማራል፦ የሚያትመው የተጠረበው አይደለም፤ የቀረው ነው። መሮው የሚሠራው ነጩን ነው። ቅጠሉ ደሞ ተገልብጦ መቀረጽ አለበት፤ ግራው ቀኝ ሆኖ ይወጣልና።

ይህ ዕውቀት እዚህ ከተማ ውስጥ ታሪክ አለው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1963 እስከ 1966 ሃንሰን ባሂያ የሚባል ጀርመናዊ አዲስ አበባ ተቀምጦ ነበር። ሀምቡርግ ተወልዶ ብራዚል ከርሞ፣ የብራዚሏን የባሂያን ስም ከራሱ ስም ጋር ያቆራኘ የእንጨት ቅርጽ አታሚ ነው። አለ ፈለገሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንጨት እየጠረቡ ማተምን አስተማረ። ከተማሪዎቹ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ከወረቀት ኅትመት አልፈው ሄደው ለሸማ መሣሪያ የሚሆነውን የቀርከሃ ስንጥር ጎን ለጎን እየደረደሩ በላዩ መሳል ጀመሩ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1992 በዳካር ቢየናሌ ተሸልመውበታል። ከእንጨት ማኅተም ተነስቶ ሸማኔ ቤት የደረሰ ሰው አለን ማለቴ ነው። እኛ በሳቸው መንገድ ላይ ነን፤ የምንሄደው ግን በተቃራኒው፣ ከሸማው ወደ ማኅተሙ ነው።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ። ሸማው አቡጀዴው ላይ ተወጠረ። በአብሽ የወፈረው የብረት ውሃ ስፖንጅ ላይ ተዘረጋ። ማኅተሙ ስፖንጁን ነካ፣ ተነሳ፣ ሸማው ላይ ተቀመጠ፤ በእጅ መዳፍ ሥር ሁለት ጊዜ ተመታ። ሲነሳ ትንሽ ይጣበቃል፤ ጨርቁ ከእንጨቱ ሲላቀቅ ድምፅ አለው። ከሥሩ የወጣው ቅጠል መልኩ የፈዘዘ ነው፤ ቡናማ፣ እምብዛም የማይታይ። ልጁ ፊቱ ቅጭም አለ። "ቆይ፣ አትንካው" አልኩት። ቅጠሉ ከዳሩ ጀምሮ ጠቆረ። አመድማ ሆነ፣ ከሰል ሆነ፣ ደም ሥሮቹ የወተት ሻይ መልክ እንደያዙ ቀሩ። በዓይናችን ፊት! ብረቱ ጥጡ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀው የነበረውን የግራር ቅርፊት አገኘውና እዚያው ጭረቱ ውስጥ ጥቁር ሆነ። ወፍራሙ ማግ ላይ ጠቆረ፣ ቀጭኑ ላይ ሳሳ፤ ልጁ ልክ አይደለም ያለው ጨርቅ ለቅጠሉ የራሱን ብርሃንና ጥላ ሰጠው። እትዬ እልል አሉ።

ብረት ግን ክፉም ነው። ከበዛ ጥጥ ይበላል። በየሙዚየሙ ያሉ የሕንድ አሮጌ ጥጦች ላይ ቀዩ አበባ አምሮ ቆሞ ጥቁሩ ሐረግ ተበልቶ ቀዳዳ የሆነበት አለ። መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ የብረቱን ውሃ ማቅጠንና ከታተመ በኋላ የተረፈውን ብረት በደንብ ማጠብ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ጥጥ አታሚዎች ሳይቀሩ ጨርቃቸውን ያጥቡ የነበረው በምን መሰላችሁ? የላም እበት በሙቅ ውሃ በጥብጠው። እበቱ የተረፈውን ይይዝላቸው፣ ያልታተመው ቦታ እንዳይጠቁር ይጠብቅላቸው ነበር። ይህን ለእትዬ ብነግራቸው "ታዲያ ምን ይደንቃል፣ አውድማውስ የሚለቀለቀው በምንድነው?" አሉኝ። እበት ጀሞ እንደ ልብ ስለማይገኝ በጠመኔ ዱቄት ውሃ ተክተነዋል፤ ይሠራል።

ጋናዎችን ሳላነሳ አላልፍም። አሻንቴዎች ኩማሲ አጠገብ ንቶንሶ በምትባል ከተማ አዲንክራ የሚባለውን ጨርቅ በእጅ ያትማሉ፤ ማኅተማቸውን የሚቀርጹት ከቅል ነው። የቅሉ ፊት ጎበጥ ያለ ስለሆነ አታሚው እጁን ከወዲህ ወዲያ እያንከባለለ ያትማል። ከነዚህ ጨርቆች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1817 የተሰበሰበ አንድ እስከ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም አለ። ቅሉ እኛም አገር ሞልቷል፤ አሳምሮ የሚቀርጽም አለን። ልጁ ቅል ጀምሯል።

ጋሼ ያን ሁሉ ጊዜ አልመጡም። ሲጠሩ "ሥራ አለብኝ" ይላሉ። በመጨረሻ የታተመውን ሸማ ጠቅልዬ ቤታቸው ይዤ ሄድኩ። መወርወሪያውን አስቀመጡ። ሸማውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አነሱት። ማተሙን አላዩም፤ መጀመሪያ ያዩት ሽመናውን ነው።

"ይሄን ነጭ እንዲህ እንዲነጣ ያደረገው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። "ፈታይዋ ባዘቶውን ስትለቅም ያደረች ናት። እኔ ድሩን ስነካ እጄን ታጥቤ ነው። አንቺ መጥተሽ በዝገት ቀባሽው።"

ዝም አልኩ። ቀጠሉ። ንዴታቸው ከኛ ቅጠል የመጣ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። ከጥግ አንድ የሐበሻ ቀሚስ አነሱና እግራቸው ሥር ዘረጉት። ጥለቱ ከሩቅ ያማረ ነው። ሲቀርቡት ግን ክር የለበትም፤ በማሽን ታትሞ ከውጭ የመጣ ነው። የመስቀሉ ቅርጽ፣ የክሩ ድርድር፣ የክሩ ጥላ ሳይቀር ተነስቶ በፎቶ ታትሟል። ጀርባውን ገለበጡት፤ ነጭ ነው። "የኔ ጥለት ጀርባም አለው" አሉ። "ይሄ ጀርባ የለውም። ሰው ግን ይሄን ይገዛል፤ ርካሽ ነው። ሽሮ ሜዳ ስንት ጓደኛዬ መወርወሪያውን ሰቅሎ ዘበኛ ሆኖ ገባ። ኅትመት ማለት ለኔ ይሄ ነው።"

ይህ የሳቸው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የፈታይዋም፣ የጥልፍ ሠሪዋም፣ የኛም ነው። አንድ ጥለት ለመሥራት ሸማኔ ክሩን እየቆጠረ፣ በጣቱ እያነሳ፣ ቀለም እየለወጠ ቀኑን ይፈጃል። የዚያን ቀን ድካም ፎቶ አንስቶ በሜትር መሸጥ ከሰው መሶብ ላይ መውሰድ ነው። እኔ ማኅተሙ ላይ ጥለት አይቀረጽ ብዬ የተከራከርኩት ለዚህ ነበር። እንጨትም ይጠረብ፣ በእጅም ይታተም፣ የሸማኔን ጥለት በቀለም ከሠራነው ከማሽኑ የሚለየን ፍጥነታችን ብቻ ነው።

ይህንኑ ለጋሼ ነገርኳቸው። "ጋሼ፣ እስቲ ቅጠሉን ይዩት፤ ጥለት አይደለም። ደግሞ ይገልብጡት።"

ገለበጡት። ቅጠሉ ጀርባው ላይም አለ። ሳስቷል፣ ግን አለ፤ ብረቱ ጥጡን አልፎ ገብቷል። በአውራ ጣታቸው አሹት፣ ምራቃቸውን አስነክተው አሹት። አልለቀቀም። ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም፤ ከዚያ የተናገሩት የአንድ ባለሙያ ንግግር ነው።

"ይሄ ሸማ ለዚህ ሥራ የተሠራ አይደለም። ነጠላ ስስ ነው፤ ቀለምሽ በድሩ መሐል አልፎ ጠረጴዛሽ ጠጥቶታል። ጋቢ ብታደርጊው ደግሞ አራት እጥፍ ነው፤ ዝም ብሎ ይውጥሻል። ድሩን ጠበቅ፣ ማጉን መታ መታ ያደረግኩት ጨርቅ ነው የሚያስፈልግሽ። እንዲህ ያለ ለኩታ ሠርቼ አውቃለሁ።"

"ይሠሩልናል?"

"ዋጋውን እኔ ነኝ የምናገረው።"

"እርስዎ ይናገሩ።"

"ፈታይዋ ስሟ ይጻፍ። ሸማኔውም። ያተመውም ይጻፍ።"

"ይጻፋል።"

"ነጩን በሙሉ አትሞሉትም። እኔ ለናንተ ቦታ እተዋለሁ፤ በተውኩት ቦታ ትገባላችሁ። ጥለቱ ሁለት ጣት ሲቀረው ትቆማላችሁ። ጥለቱን አትንኩብኝ።"

እጅ ነስቼ ልወጣ ስል ጠሩኝ። ማኅተሙን ይዤ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ተቀብለው ፊቱን ወደ ታች አድርገው የተወጠረው ድር ላይ አስቀመጡትና በቅጠሉ ስፋት ሥር ስንት ክር እንዳለ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ድሩ በቅጠሉ ስፋት ካልተካፈለ የመጨረሻው ቅጠል ጠርዝ ላይ ተቆርጦ ይቀራል አሉ። አልተካፈለም። "ወይ እኔ ድር እጨምራለሁ ወይ እናንተ ቅጠሉን ታጠባላችሁ" አሉኝ። ማኅተሙን እዚያው ትቼው መጣሁ፤ ልጁ ሌላ ዋንዛ ላይ አነስ ያለውን ቅጠል እየቀረጸ ነው፣ እትዬም አብሹን ፈጭተው አስቀምጠዋል። ማተሙ ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ጨርቁ ለመድረቅ ፀሐይ ይፈልጋል።